አፉን ወደ ምሥራቅ የመለሰው ምድጃ

ጋሽ ይሁኔ በንፋስ መውጫ ከተማ የታወቁ የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ከከተማው ግርጌ ካለችው ምንጭ ራስጌ ቆመው፣ ከአባታቸው የወረሷቸውን ጽዶች አንጋጠው ያዩ ነበር። የተከሉት ባሕር ዛፍ በምድጃው አልቋል፤ ከወገዳ በኩል የሚመጣው እንጨትም መንገዱ በተበላሸ ቁጥር ይቀራል። ስለዚህ ጽዶቹን የሚጥል እንየው የሚባል ሰው ለሰኞ ቀጥረዋል። ልባቸው ግን አልቆረጠም። ሰፈሩን የምታጠጣውም፣ የዳቦ ቤቱ ሊጥ የሚቦካባትም ከጽዶቹ ሥር የምትፈልቀው ውሃ ናት፤ ጽዶቹ ከወደቁ ትደርቅ ይሆናል።

እንዲህ ሲያመነቱ ሰውዳ ጄሪካን ይዛ ደረሰች። ሰውዳ የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የጀሚል ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ተምራ እዚያው በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ተቀጥራለች፤ የመጣችው እናቷን ልትጠይቅ ነው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ይሁኔ? ምነው ሽቅብ ሽቅብ አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። የምድጃዬን ቀለብ ነው የማየው። ለመሆኑ እዚያ ፋብሪካ ሥራሽ ምንድን ነው? አባትሽን ብጠይቀው ‹ትለካለች› ብሎኝ እርፍ!»

ጋሽ ይሁኔ እንዲህ ናቸው፤ ያልገባቸው ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«እውነቱን ነው» አለች ሰውዳ እየሳቀች። «አንድ ኩንታል ዱቄት ለመፍጨት ስንት መብራት እንደፈጀ፣ ስንት ውሃ እንደፈሰሰ፣ ስንቱ ተደፍቶ እንደቀረ በየጊዜው እንለካለን። የበዛውን ፈልገን እናርማለን። ሥራው ለልጅ ልጅ እንዲቆይ፣ አገሩንም እንዳይጎዳ ነው። የእርስዎ ምድጃስ ለአንድ ዙር ዳቦ ስንት እንጨት ይበላል?»

«እሳት ተቆጥሮለት ይበላል እንዴ? እንዳሻው ነዋ!»

«ለምን አይቆጥሩትም?»

«በረከቱ ይሸሻላ! እኛ ከብት አንቆጥር፣ ቀፎ አንቆጥር። አባቴ አውድማ ላይ ምርት ሲሰፍር ማን ትንፍሽ ይል ነበር? የመጀመሪያውን ቁና እንኳ ‹አንድ› አይልም፤ ‹በረከት› ነው የሚል።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛውን?»

«ሦስት ነዋ! ታዲያ ምን…» ጋሽ ይሁኔ የቀረውን ዋጡት። «ሰፍሯል እንጂ» አሉ። «ካልሰፈረማ ለዘር የሚቀመጠውን ከሚበላው በምን ይለያል?»

«የእርስዎ ዘር ደግሞ እነዚህ ጽዶች ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዛፉን ከመጣልዎ በፊት ምድጃው ምን እንደሚያመው እንወቅ። የሰኞው ቀጠሮ አንድ ሳምንት ይራዘም።»

የልጅ ምክር ከሚሰማ ቤቱ ቢፈርስ የሚመርጥ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ይሁኔን ከክርክሩ ይልቅ ጉጉታቸው ረታቸው። እውነት ስንት ይበላ ይሆን?

አንድ ገመድ ተቆረጠ። በገመዱ የታሰረው እንጨት አንድ እስር ተባለ፤ ለየዙሩ የገባው እስርም በጠጠር ተያዘ። ሳምንቱ ሲያልቅ ጋሽ ይሁኔ ግራ ገባቸው። ሊጡም ያው፣ ጋጋሪውም ያው፤ ምድጃው ግን አንድ ቀን በሁለት እስር ይጠግባል፣ ሌላ ቀን አራት በልቶም ዳቦው አይቀላም።

«ይህ ምድጃ ጾምና ፍስክ ይለያል እንዴ?» አሉ ሰውዳን።

«አራት የበላው መቼ መቼ ነው?»

የመለሱት ባለቤታቸው እትዬ የኔነሽ ናቸው። «ነፋሱ ጣራ ሊነቅል በደረሰ ቀን ነዋ! እኔ ጭሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ አታየኝም?»

ተያይዘው ወደ ምድጃው ሄዱ። ሲሠራ አፉን ወደ ምሥራቅ ያዞሩት ጋሽ ይሁኔ ራሳቸው ናቸው፤ ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነውና የእንጀራቸው ምንጭም ወደዚያው ይይ ብለው። የበጋው ነፋስ ደግሞ የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ነፋስን መርሳት ምን ይባላል! ጋሽ ይሁኔ አንድ ጭብጥ ገለባ አፉ ላይ በተኑ። ነፋሱ ገለባውን ወደ ውስጥ ጠለፈና ከጭሱ ጋር በላይ በጭስ መውጫው አወጣው።

«ለካስ እስካሁን ሰማዩን ነው ሳሞቅ የኖርሁ!» አሉ። በጣም አዘኑ፤ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ትዝ አላቸው። «እንግዲህ አፉን ወደ ምዕራብ ልታዞሪብኝ ነው?»

«ኧረ እንዳለ ይሁን! ከፊቱ የድንጋይ ከለላ ይሠራለት፣ የቆርቆሮ መዝጊያም ይግጠምለት። እርጥብ እንጨትም አይግባ። ከዚያ እንደገና እንለካለን። መሻሻሉን ገመዱ ይንገረን እንጂ እኛ በምኞት አንፍረድ።»

እንየው በተራዘመለት ቀን መጥረቢያውን ተሸክሞ ሲመጣ «እሱን አስቀምጥና ድንጋይ አምጣ» ተባለ። ከለላው ተሠራ። ነፋሱ እንደገና ጣራ ሲያንኳኳ ምድጃው በሁለት እስር ጠገበ። ከዚያ ወዲህ የተረፈው እንጨት ስለሚያቆይ የወገዳ መንገድ ቢበላሽም ዳቦ ቤቱ አይዘጋም፤ የእትዬ የኔነሽም ዓይን ከጭስ አረፈ። ልኬት ያተረፈው ይህን ነው፤ ጽዶቹም እንደቆሙ ናቸው።

ሰውዳ ወደ ባሕር ዳር የምትመለስ ዕለት ልትሰናበታቸው ብትሄድ ዳቦ ቤት አጣቻቸው። ያገኘቻቸው ከምንጯ ዳር ነው። ውሃዋ ቀንሳ እንደሆነ ሊያውቁ፣ ጄሪካን እየደቀኑ፣ በሞላ ቁጥር ጠጠር ይጥላሉ።

«በረከት… ሁለት… ሦስት…»

ሰውዳ ልትጣራ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ሰፍረው እስኪጨርሱ ትንፍሽ ሳትል ጠበቀቻቸው።