ሦስት ቀን በሟች ማሳ

መምህር አብተው ጅማ ውስጥ በአንድ የወንጌላውያን መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስብከት ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰቃ በሚሄድ ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው በተግባር ፈተና የጣሉት ተማሪያቸው ኩመራ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ ካልተለወጠ ልጁ ዘንድሮ አይመረቅም፤ የምትጠብቀው የሰቃ ቤተ ክርስቲያንም ሌላ ሰው ትቀጥራለች።

ሰላምታው እንዳለቀ፣ "ሰቃ ሰው የሞተበት ቤት ሄደህ ለሐዘንተኞች አርባ ደቂቃ ስበክ ብንልህ የስብከት ሪፖርት ቅጹን ባዶውን መለስክልን" አሉ መምህሩ። "ምን ስትሠራ ሰነበትክ?"

"ቡና ስለቅም፣ መምህር።"

"ለቃሚማ ሰቃ ሞልቷል። እኛ የምናሠለጥነው አገልጋይ ነው።"

"የሟቹ ቡና ቀልቶ እየረገፈ ነበር። ሚስቱ ከድንኳን አትወጣ ነገር። ጎረቤቱ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ማሳ ሲወርድ እኔ ወረቀት ይዤ ልቁም?"

"በሥራ ስም ከስብከት የሚሸሽ ስንት ሰነፍ አይቻለሁ መሰለህ።"

ይህ እውነት ነበር፤ ኩመራም አልካደም።

"ስብከት ይቅር አላልኩም። ነገር ግን የተማርንበት መጽሐፍ የተጻፈው ቀብር በአንድ ሰዓት አልቆ ሰው ወደየቤቱ በሚበተንበት አገር ነው። እኛ ጋ ሐዘን ሦስት ቀን ይቀመጣል።"

ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ዞር አሉ። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ሀዋ እባላለሁ፣ የሟቹ ጎረቤት ነኝ። አምና ሌላ ጎረቤቴ ሲሞት የእናንተ ተመራቂ መጣ። ገና አፈር ሳይመለስ ቆሞ በአማርኛ ከወረቀት አነበበ። የሟቹ እናት አማርኛ አይሰሙም፤ 'ይሄ ልጅ ከቀበሌ ነው?' ብለው ጠየቁኝ። እኛም አንድ በአንድ ጥለነው ሄድን። ይሄኛው ግን ወላሂ እጁ እስኪቆስል ለቀመ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው 'እስቲ አንድ ነገር በለን' አሉት። በኦሮምኛ ተናገረ። እኛ ሙስሊሞቹም ተቀምጠን ሰማን።"

"ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍክም?" አሉ መምህሩ ወደ ኩመራ ዞረው።

"የተናገርኩት ስድስት ደቂቃ ነው። ቅጹ ደግሞ አርባ ደቂቃና ሦስት ነጥብ ነው የሚጠይቀው።"

ቅጹን ያዘጋጁት አብተው ራሳቸው ናቸው። ለአምናው ተመራቂም ከመቶ ዘጠና ስድስት የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ሰቃ ሲወርዱ፣ "የሟቹ ሚስት ቤት ውሰደኝ፣ ልቅሶ ልድረስ" አሉ። በመንገድም ቀጠሉ። "ውጤትህ ይስተካከላል። ከእንግዲህ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጥ፣ ይሥራ። ሲጠየቅ በሰዎቹ ቋንቋ ይናገር፤ ነጥቡንም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይስጡት። እንዲህ ከሆነ የሐዘንተኛ ቡና አይረግፍም፣ ጎረቤት በሃይማኖት አይለያይም፣ ቃሉም ሰሚ ያገኛል።"

"አርባ ደቂቃውስ?"

"እሱን ለክፍል እንተወው።"

ቤቱ ሲገቡ መምህሩ እንደ ልማዳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የሟቹን ሚስት አዩና መልሰው ከተቱት። ከዚያም አጠገቧ ተቀመጡ።