የትራሱ ድምፅ

የምስክር ስም፦ ኬዛያ ባስኮም
ዕድሜ፦ 15
አድራሻ፦ ሚዙሪ፣ ዊሎው ቤንድ መንደር፣ በአያቷ በሽማግሌ ፋይሎ ባስኮም ቤት
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ኦገስት 14 ቀን 1838፣ በዚሁ ቤት፣ ለወረዳው ዳኛ ጸሐፊ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ አንድ ጥፋት አምናለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአያቴ ትራስ ውስጥ የዝይ ላባ እየዘገንኩ የራሴን ትራስ ሞልቻለሁ። እንዳይነቃብኝ በላባው ፋንታ ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ጠቅጥቄበታለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ናት፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የራሷ ቅዱስ መጽሐፍ ስላላት በዚህ አገር ብዙ ሰው ይጠላናል። በእኛ ዘንድ ጢም ያላበቀለ ሰባኪም ሽማግሌ ይባላል። አያቴ ግን ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ስለሆነ ስሙ በትክክል የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። የጉባኤያችንም መሪ ናቸው። በጁላይ መጨረሻ አንድ ጠዋት «ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር በጆሮዬ ሥር የሚያንሾካሹክ ድምፅ አለ» አሉ። እኛ ዘንድ ድምፅ መጣ ከተባለ ቀልድ የለም። ራእዩ እስኪገለጥ ጉባኤው በሙሉ ሁለት ቀን ጾመ። ቅጠሉ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ስሆን፣ በሁለተኛው ቀን ረሀቡ ሲጠናብኝ ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ኦገስት 11 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አያቴ ገንፎ እየበሉ ሳሉ፣ ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ስምንት ሰዎች ትኩስ ሬንጅ ይዘው በሩን ገንጥለው ገቡ። እኔ ቆጡ ላይ ሆኜ በስንጥቁ አያለሁ። አያቴን በወንበር እግር ደብድበው ግራ ክንዳቸውን ሰበሩት። ሲሰበር ሰምቻለሁ። መሪያቸው በጢማቸው ይዞ፣ «መጽሐፌ ውሸት ነው በልና ገንፎህን ጨርስ» አላቸው።

«ገንፎው ቀዝቅዟል» አሉት።

ደግሞ መታቸው። «በዚህ ሰሞን እንኳ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንዴት ብዬ ልካድ?» ሲሉ ሰውየው ላባ ሊያወጣ ትራሳቸውን በቢላ ቀደደው። ቅጠሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«ይኸውልህ መልአክህ፣ አባባ። በቆሎ ነው» አለ። ሰባቱም ሳቁ።

አያቴ ቅጠሉን ትኩር ብለው አዩት። «ትራሱ ዋሽቶኝ ይሆናል» አሉ። «መጽሐፉ አልዋሸኝም።»

ልብሳቸውን ገፈው ሬንጁን አፈሰሱባቸው። አያቴ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። በአገራችን ሬንጅ ያፈሰሱበትን ሰው በላባ ሸፍነው ያዋርዱታል፤ መሪው የሚለጥፍባቸው ላባ ሲያጣ «ላባ ከሌለ ገመድ አለ» ብሎ ገመዱን አንገታቸው ላይ አጠለቀና ጫፉን በጣሪያው አግዳሚ ላይ ወረወረው። «ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አሉ አያቴ። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ገመዱን ሳቡት። እግራቸው ከወለሉ ሲነሣ ትራሴን አቅፌ በመሰላሉ ወረድኩና «ላባ ነው የጠፋው? ይኸው፤ አውርዷቸው» አልኩ።

መሪው አየኝና «ጎበዝ፣ ኪዚ። አምጪው» አለ። በመንደሩ ውስጥ ኪዚ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጀልባ አሻጋሪው ሆሲያ ክራቸር። ጥላሸቱ ፊቱን እንጂ አፉን አልሸፈነውም። ገመዱን ለቀቁት፤ አያቴንም ከገዛ ትራሳቸው በሰረቅኩት ላባ ሸፍነዋቸው እየሳቁ ሄዱ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ መርሲ ሬንጁን በአሳማ ስብ እያራሱ ሲልጡ ቆዳቸውም አብሮ ተላጠ። አያቴ ከዚያ ሰዓት ወዲህ ቃል አልተነፈሱም። አሁን እዚሁ ጓዳ ውስጥ ተኝተዋል። ወይዘሮ መርሲ እስከ እሑድ አይቆዩም ይላሉ።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ክራቸር ፊት ቆሜም እደግመዋለሁ። ትራሱን የነካካሁት እኔ መሆኔን አያቴ ሳያውቁ እንዲያርፉ ስለፈለግሁ፣ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያነብልኝ ለምኜ፣ ተነብቦልኝ፣ ልፈርም ብዕሩን ስነክር ከጓዳ የአያቴ ድምፅ፦

«ኬዛያ።»

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ብዕሩን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጣለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ጆሮዋ ተቆንጥጦ ቀልቶ ተመልሳ ፈርማለች።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኬዛያ ባስኮም
የጸሐፊው ፊርማ፦ ኢሊሁ ማርሽ