መቼ ግቢ አልከኝና!

ቡታጅራ ላይ የስፌት መኪና እጠግናለሁ፤ ጥገናውንም እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ። «ሰብስክራይብ አድርጉ» ማለት ግን ልመና ይመስለኝና እተወዋለሁ። ባለፈው አንዲት እናት ከቡኢ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ገና ድምፄን ሲሰሙ «አንተ ነህ እንዴ? ዓመት ሙሉ እኮ ሳይህ ነበር!» አሉኝ። ደስ ብሎኝ «ታዲያ ሰብስክራይብ አድርገዋል?» ስላቸው ቆጣ አሉ።

«መቼ ግቢ አልከኝና! እኛ አገር በደጅ የሚያልፍ ሁሉ ‹ግባ› ይባላል፤ አንተ ሥራህን ጨርሰህ በርህን ትዘጋለህ።»

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። የሳቸውን ጥገና ስቀርጽ መጨረሻው ላይ «እስቲ ግቡ፤ ሰብስክራይብ አድርጉና ቤተሰብ ሁኑ» አልኩ። እሳቸውም ስልካቸውን አውጥተው ሰብስክራይቡን ተጫኑና «ይኸው ገባሁ። አሁን ወንበር ስጠኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት!» አሉኝ።