የማይታጠፈው ካርታ

*ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ። ባለ ሱቁ ሸምሱ ለሶላት ወጥቶ ሱቁን ለደንበኞቹ አደራ ብሏል፤ ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ አቶ ጉርሜሳና ልጃቸው ቢፍቱ በመስታወቱ ባንኮኒ ላይ የመጫወቻ ካርታ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ።*

ቢፍቱ፦ ይሄኛውስ ምን አደረገህ? ሸተተኝ እንዳትለኝ ብቻ!

አቶ ጉርሜሳ፦ ሸተተኝ።

ቢፍቱ፦ አባዬ፣ ካርታ እኮ ነው፣ ሥጋ አይደለም።

አቶ ጉርሜሳ፦ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይላል። እንዲህ የሚሸት ነገር ይዤ እንግዳ ፊት አልቀርብም።

ቢፍቱ፦ የምን እንግዳ? ጋሽ ገዛኸኝ ነው እንግዳ? እሁድ እሁድ ካርታ ሊጫወት መጥቶ ሶፋችን ላይ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው?

አቶ ጉርሜሳ፦ ሙሴ ኒቆላም አለ። ግሪክ ሽታ ላይ ቀልድ አያውቅም።

ቢፍቱ፦ ሙሴ ኒቆላ አያቱ ናቸው ግሪክ። እሱ ቀፊራ ተወልዶ ቀፊራ ያረጀ የድሬ ልጅ ነው፤ የማንንም ሽታ ችሎ ኖሯል። ይልቅ አንተ ልክህን ንገረኝ። የመጀመሪያው «ግትር ነው» ተባለ። ሁለተኛው «ያንሸራትታል» ተባለ። ይሄ ደግሞ ሸተተ። ሸምሱ ከመስጊድ ሲመለስ ለአንተ ብሎ ፋብሪካ ይክፈት?

አቶ ጉርሜሳ፦ ሸምሱ ስለ ካርታ ምን ያውቃል? ቻርጀርና ኮፍያ የሚሸጥ ሰው።

ቢፍቱ፦ ለዚህ ነዋ እኔን ይዘህ የመጣኸው።

አቶ ጉርሜሳ፦ እኔ አልያዝኩሽም። አንቺ ነሽ ጎትተሽ ያመጣሽኝ። ለመሆኑ የካርታ ዕውቀት የት ተማርሽ?

ቢፍቱ፦ ማንም አላስተማረኝም። ስልኬ ላይ አየሁ፣ ገዛሁ፣ ተሸወድኩ፣ እንደገና አየሁ። አሁን ከኔ ፊት ወረቀቱን ፕላስቲክ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የለም።

አቶ ጉርሜሳ፦ ጉራ! እኛን ፖከር ያስተማሩን ፈረንሳዮቹ ናቸው፤ ባቡር ጥገናው ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጃችን በግራሶ ቅባት እንደተለወሰ።

ቢፍቱ፦ ሲያስተምሩህ የማሸነፉን ምዕራፍ ሳትሰማ ፊሽካ ተነፋ መሰለኝ። የተሸነፈ ብርጭቆ ያጥባል ብላችሁ ሕግ ካወጣችሁ ወዲህ በቤቱ ከአንተ በቀር ስፖንጅ የነካ የለም።

አቶ ጉርሜሳ፦ የቤቱ ጌታ ስለሆንኩ ነው። እንግዳ አስጥባለሁ?

ቢፍቱ፦ እሺ ጌታዬ። አሁን እጅህን ስጠኝ። ይሄን ጠርዙን በጥፍርህ ጫር አድርገው። ተሰነጠቀ?

አቶ ጉርሜሳ፦ ተሰነጠቀ።

ቢፍቱ፦ ውስጡ ወረቀት ነው፣ ላዩን ብቻ ነው የቀቡት። በኛ ሙቀት፣ በጋሽ ገዛኸኝ ላብ፣ ወር ሳይሞላው እንደ ቂጣ ይነፋል። ይሄኛው ግን ድፍን ፕላስቲክ ነው። ውኃ ቢደፋበት በፎጣ ጠረግ አድርገህ መጫወት ነው። የሎሚ ጭማቂ ቢደፋበት በሳሙና ታጥበዋለህ፣ መቼም ለማጠቡ አዲስ አይደለህም። እጠፈው እስቲ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ልጠፈው?

ቢፍቱ፦ ሳትራራ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ...ተመለሰ።

ቢፍቱ፦ አየህልኝ?

አቶ ጉርሜሳ፦ ምልክትም አልያዘ?

ቢፍቱ፦ ምንም።

አቶ ጉርሜሳ፦ ጥጉን ቆልመም ባደርገውስ?

ቢፍቱ፦ ይመለሳል።

አቶ ጉርሜሳ፦ ብነክሰው?

ቢፍቱ፦ ኧረ አባዬ የሰው ዕቃ ነው! አውጣው ካፍህ!

አቶ ጉርሜሳ፦ ይሄማ ምንም አይዝም። አልወደድኩትም።

ቢፍቱ፦ ቆይ ቆይ። ሰው ካርታ ሲገዛ የሚታጠፈውን ይጥላል። አንተ የማይታጠፈውን ነው የምትጥለው።

አቶ ጉርሜሳ፦ ካርታ ሲያረጅ ደስ ይላል። ሰው ሰው ይላል። ይሄ ግን ነገ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው፣ እንደ ባንክ ቤት ወለል።

ቢፍቱ፦ ለዚህ ነው ያንን ጋሽ ገዛኸኝ ሎሚ የደፋበትን ካርታ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንድ በአንድ አስጥተህ ያገኘሁህ? ጎረቤት ሁሉ «አባትሽ ምን አጥቦ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ይደርቅልኛል ብዬ ነው።

ቢፍቱ፦ ደረቀ፤ ግን እንደ ቆርኪ ተጥመለመለ። ያኔ እኮ ጋሽ ገዛኸኝ ከቤቱ ሌላ አምጥቶ ጨዋታው ቀጠለ። አንተ ግን አንድ ዙር ሳትጫወት «ራሴን አመመኝ» ብለህ ገብተህ ተኛህ።

አቶ ጉርሜሳ፦ አሞኝ ነበራ።

ቢፍቱ፦ ሻሂ ሳቀርብልህ ግን ራስህን ረስተህ ሆድህን ይዘህ ነበር።

አቶ ጉርሜሳ፦ ወደ ሆዴ ወርዶ ነበር።

ቢፍቱ፦ ይቺ ማን ናት?

አቶ ጉርሜሳ፦ የቷ?

ቢፍቱ፦ በእጄ የያዝኳት።

አቶ ጉርሜሳ፦ ካርታ ናት።

ቢፍቱ፦ ስንት ቁጥር?

አቶ ጉርሜሳ፦ ከኋላሽ ብርሃን አለ፣ እንዴት ልይ? ዞር በይ።

ቢፍቱ፦ ይኸው ዞርኩ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ...ስምንት።

ቢፍቱ፦ የምን ስምንት?

አቶ ጉርሜሳ፦ ተራ ስምንት ናታ! ምን ያዘሽ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው?

ቢፍቱ፦ ንግሥት ናት አባዬ። ዘውድ ደፍታለች፣ አበባ ይዛለች።

አቶ ጉርሜሳ፦ ሸምሱ ቆየ እኮ። ረጅም ሶላት ነው የሚሰግደው።

ቢፍቱ፦ ሸምሱን ተወው። የድሮው ካርታ ውስጥ የልብ ንጉሥ ምን ነበር የሆነው?

አቶ ጉርሜሳ፦ ታች ጥጉ ተቀዷል።

ቢፍቱ፦ የልብ ዘጠኝስ?

አቶ ጉርሜሳ፦ ወገቧ ላይ ታጥፋለች፤ ኒቆላ ተናዶ ያጠፋት ጊዜ።

ቢፍቱ፦ ጥቁሩ አስ?

አቶ ጉርሜሳ፦ እሱ ዘይት ጠጥቷል፣ ለስለስ ይላል... አንቺ ልጅ፣ ምን እያስለፈለፍሽኝ ነው?

ቢፍቱ፦ ካርታህን አታይም። በአውራ ጣትህ ትዳብሰዋለህ።

አቶ ጉርሜሳ፦ የሰው ካርታ ግን ነክቼ አላውቅም! የማናቸውንም ጀርባ አላውቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሁሉ ለኔ አንድ ነው። የራሴን ብቻ ነው የማውቀው። ይሄ ማጭበርበር ከሆነ...

ቢፍቱ፦ ማን አጭበረበርክ አለህ? እንዳንተ የሚሸነፍ አጭበርባሪ ካለ ያሳዝናል። ከመቼ ጀምሮ ነው?

አቶ ጉርሜሳ፦ ከፋሲካ በፊት። ጠዋት ስነሳ ጭጋግ ይመስለኛል። ድሬ ላይ ጭጋግ! ዓይኔን ታጥቤ ስወጣም አለ። ስኳር ያለበት ውኃ እንደማየት ነው።

ቢፍቱ፦ ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ?

አቶ ጉርሜሳ፦ ለአንቺ ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ለቀበሌው ሁሉ በነገርሽ ነበር።

ቢፍቱ፦ ለሐኪሙ ብቻ ነበር የምነግረው። የዓይን ሞራ ይሆናል፣ የሚገፈፍ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሰው እየተገፈፈለት ወጥቶ ሰው ሲያማ ይውላል።

አቶ ጉርሜሳ፦ ሐኪም አልፈራሁም።

ቢፍቱ፦ ታዲያ ምኑን ፈራህ?

አቶ ጉርሜሳ፦ ሽፈራውን ታስታውሺዋለሽ?

ቢፍቱ፦ ጋሽ ሽፈራው፣ ትኬት ቆራጩ? ከናንተ ጋ ይጫወት የነበረው?

አቶ ጉርሜሳ፦ እሱ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ገዛኸኝ ካርታውን ይደረድርለት ጀመር። ኒቆላ ጥሩ ካርታ ይዞ እያለ «የለኝም» እያለ ይወጣለት ጀመር። እኔም... እኔም እንደዚያው። ሽፈራው እሁድ መጣ እሁድ ሄደ ያሸንፋል። በገንዘብ ፈንታ የምንጫወትበትን ባቄላ ሁሉ ሰብስቦ ጨረሰ። አንድ ቀን ግን ዝም ብሎ ሁላችንን አየን። ገባው። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። ሄደን በሩን ብናንኳኳ «ተኝቷል በሏቸው» አለ፤ ድምፁ እኮ ይሰማናል።

ቢፍቱ፦ ይሄን አልነገርከኝም ነበር።

አቶ ጉርሜሳ፦ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ያለው እሁድ ብቻ ነው። ገዛኸኝ ይሰድበኛል፣ እኔ እሰድበዋለሁ፣ ኒቆላ በሁለታችንም ይስቃል። የታወቀብኝ ቀን መሳደቡን ያቆማል። «አይዞህ ጉርሜሳ» ይለኛል። «አይዞህ» ከሚለኝ በአህያ ጋሪ ቢገጨኝ ይሻለኛል።

ቢፍቱ፦ እና ሁሉም ካርታ እስኪሸትህ ድረስ ገበያውን ልታዞረኝ ነበር።

አቶ ጉርሜሳ፦ ወረቀቱ ይሻለኛል። ወር ሳይሞላው ያረጃል አልሽ አይደል? አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ፣ እኔ ቶሎ አስረጀዋለሁ።

ቢፍቱ፦ አንተ ጀርባውን እስክታጠና ድረስ በየእሁዱ ራስህን ሊያምህ ነው? ና ወደዚህ። ይሄን ባንኮኒ ሥር ያለውን አየኸው?

አቶ ጉርሜሳ፦ ሰማያዊውን?

ቢፍቱ፦ እሱን። ድፍን ፕላስቲክ ነው። ጀርባው አንድ ዓይነት፣ ጠርዙ ልስልስ፣ ቢታጠፍ ይመለሳል። ፊቱን ደግሞ ተመልከት።

አቶ ጉርሜሳ፦ ...ሰባት። ጥቁር ሰባት።

ቢፍቱ፦ ይሄስ?

አቶ ጉርሜሳ፦ አስ። ኧረ ይቺ ምንድን ናት፣ ቁጥሩ የጣቴን ያህላል!

ቢፍቱ፦ እንዲያውም ከጣትህ ይበልጣል። ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው።

አቶ ጉርሜሳ፦ መልሺው።

ቢፍቱ፦ ምን ሆንክ?

አቶ ጉርሜሳ፦ መልሺው አልኩሽ! ይሄ የሕፃን ፊደል ገበታ ነው። ገና ፓኬቱን ስከፍተው ገዛኸኝ «ለማን ነው እንዲህ የተጻፈው?» ይላል። ግንባሬ ላይ «አያይም» ብሎ እንደ መለጠፍ ነው።

ቢፍቱ፦ ጋሽ ገዛኸኝ ይሄን ሊል?

አቶ ጉርሜሳ፦ ገዛኸኝ ዓይኑ ንስር ነው። ባቡር ሲነዳ ከሽንሌ ማዶ የቆመች ፍየል ይለይ ነበር።

ቢፍቱ፦ ያኔ ነዋ። እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «አምስቱም ልብ!» ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ የመታው ቀን ትዝ ይልሃል?

አቶ ጉርሜሳ፦ እንዴት ይረሳኛል? ሦስት ንጉሥ ይዤ! ሦስቱንም በጣቴ አውቄያቸው፣ ልቤ እየዘለለ፣ ባቄላዬን ሁሉ ከምሬበት። እሱ ግን አምስት ልብ ሦስት ንጉሥን ይበልጣልና ጠራርጎ ወሰደኝ።

ቢፍቱ፦ አራት ነበሩ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ምኑ?

ቢፍቱ፦ ልቡ። አራት ልብና አንድ ዳይመንድ፣ ያቺ ባለ አራት ማዕዘኗ።

አቶ ጉርሜሳ፦ አምስቱም ቀይ ነበሩ እኮ።

ቢፍቱ፦ ቀይማ ቀይ ነው። ዳይመንድም ቀይ ነው።

አቶ ጉርሜሳ፦ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት?

ቢፍቱ፦ ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ ስጥ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ኒቆላስ? ኒቆላ ዓይን የለውም?

ቢፍቱ፦ ሙሴ ኒቆላ አንድ በአንድ እያነሳ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ መረመራቸው።

አቶ ጉርሜሳ፦ እና ምን አለ?

ቢፍቱ፦ «ብራቮ ገዛኸኝ።»

አቶ ጉርሜሳ፦ አቦ ተዪኝ!

ቢፍቱ፦ እውነቴን ነው። ጋሽ ገዛኸኝ እያታለለ እንዳይመስልህ፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ከልቡ ነው የተደሰተው። ዳይመንዷን ልብ ናት ብሎ አምኗል። ሦስታችሁ ተሰብስባችሁ አንዲት ካርታ መለየት አቃታችሁ።

አቶ ጉርሜሳ፦ እና አንቺ ቆመሽ አይተሽ ዝም?

ቢፍቱ፦ «ቆሞ የሚያይ አፉን ይዝጋ፣ የሚናገር ቁጭ ብሎ ይጫወት» ያልከው ማን ነው? እኔ ሎሚ ቀጂ ነበርኩ። ቀዳሁ፣ ወጣሁ፣ ጓዳ ገብቼ እስኪበቃኝ ሳቅሁ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ታዲያ ሦስቱ ንጉሥ... እሱ ምንም አልነበረውም ማለት ነው።

ቢፍቱ፦ ጥንድ እንኳ አልነበረውም።

አቶ ጉርሜሳ፦ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ!

ቢፍቱ፦ በጣትህ።

አቶ ጉርሜሳ፦ እሱ ደግሞ እግሩን ሰቅሎ «ጉርሜሳ፣ የኔን ብርጭቆ በሁለተኛ ውኃ አለቅልቅልኝ» አለኝ! አለቀለቅሁለት እኮ!

ቢፍቱ፦ አይቻለሁ። ወደ ብርሃን አንስተህም አሳየኸው።

አቶ ጉርሜሳ፦ እሱም «ጠርቷል» አለኝ! ምኑን አይቶ ነው ጠርቷል የሚለኝ?

ቢፍቱ፦ ቀስ በል፣ የሸምሱን መስታወት ትሰብራለህ። አሁን ወረቀቱን ነው የምንገዛው? ወር ታግሼህ፣ አንተ እስክታስረጀው?

አቶ ጉርሜሳ፦ የምን ወረቀት! ሌላ ወር ሙሉ በዳይመንድ ይቀማኛል? ሰማያዊውን አምጪው።

ቢፍቱ፦ ሐኪሙስ?

አቶ ጉርሜሳ፦ እሄዳለሁ።

ቢፍቱ፦ ሰኞ፣ ከኔ ጋ።

አቶ ጉርሜሳ፦ ከአንቺ ጋ ምን አደርጋለሁ? ገዛኸኝንና ኒቆላን አስከትዬ ነው የምሄደው። አንቺ ካርታውን አስጠቅልይና እሁድ ጠረጴዛው ላይ ራስሽ ክፈችው፤ ቁጥሩ ለምን ገዘፈ ካሉሽ «አባዬ ለጋሽ ገዛኸኝ ዓይን አዝኖ ነው» በይልኝ።