የደም ካሳ ያልተጠየቀበት ድራማ

በድራማ ግምት የሚረታኝ የለም። አንድ ቀን ከቀብሪበያ ወደ ጅግጅጋ በሚኒባስ ስንመለስ፣ አብራኝ ከምታስተምረው ከሄለን ጋር በየሳምንቱ የምናየው የወንጀል ምርመራ ድራማ አከራከረን። አንድ ነጋዴ ተገድሏል፤ ሱቁን ሸሪኩ ይዞታል፤ ገዳዩ አልታወቀም። "መርማሪው ከሟቹ ሚስት ጋር በድብቅ ይዋደዳል፤ አስተያየቱን አላየሽም?" አልኳት። ሄለን ደግሞ "የመርማሪው እህት ናት እንጂ!" ብላ ድርቅ አለች።

ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ከፊታችን ዞር አሉና "የሟቹ ወገኖች የደም ካሳ ጠየቁ?" አሉን። "አዴር፣ ይሄ እኮ የቴሌቪዥን ድራማ ነው" አልኳቸው፣ በሶማሊኛ "አጎቴ" ብዬ፣ ሳቄን ውጬ። "ይሁን። ጠየቁ?" ማንም እንዳልጠየቀ ነገርናቸው። "እንግዲያው ገዳዩ ከራሱ ቤት ነው። ወንድም ወንድሙን ሲገድል ካሳውን ማን ለማን ይከፍላል?" ያኔ በራልኝ። "ሸሪኩ! ሸሪኩ ድብቅ ወንድሙ ነው!" ብዬ ስጮህ ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ።

የመጨረሻው ክፍል ሲታይ እንዳልኩት ሆነ። ሽማግሌውን መናኸሪያ ሳገኛቸው ሮጬ ሄድኩ፤ "አዴር፣ ረታን! ሸሪኩ የእናቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ታሰረ!" ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ከንፈራቸውን መጠጡ። "አንዱ ተቀበረ፣ አንዱ ታሰረ። እናትየዋን ማን አጽናናት?" አሉኝ። ስለ መርማሪው፣ ስለ ሚስትየዋ፣ ስለ ሸሪኩ ግምት ሞልቶኝ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች እናት እንዳላቸው ግን አስቤም አላውቅ።