ቀድሞ የደረሰ መርዶ

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ስልክሽን ምነው ዘጋሽው፣ እናቴ?»

«ፈራሁት፣ ልጄ። የወንድሜን ሞት በሱ ነው የሰማሁት። ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ፎቶውን ከነ ‹አላህ ይርሐመው› አየሁት።»

«ኢና ሊላሂ። ማን ለጠፈው?»

«የገዛ ልጁ። አልፈርድበትም፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«ይሄን ማኅበራዊ ሚዲያ የሠሩት ሰዎች እኮ ወሬ ቶሎ እንዲደርስ ብለው ነው።»

«እነሱ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንጃ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቤት ድረስ መጥቶ ነው፤ ደግፎ የሚይዝህም አይጠፋም። እኔን የያዘችኝ ሽንኩርት ሻጯ ናት፤ ስሜንም አታውቀው።»

«ሽማግሎቹስ አልመጡም?»

«መጡ እንጂ። እንባዬ ካለቀ በኋላ።»

እኔም ለአንዲት እናት የልጇን መርዶ ልነግር ሮቢት እየሄድኩ ነበርና፣ ሾፌሩ ቶሎ እንዲያደርሰኝ በልቤ ዱአ አደረግሁ።