ለክቶ ያልገዛ እግር

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ የጫማ ሰሪው የእህት ልጅ ያን ቀን ወደ ሱቃቸው ጎራ አትልም ነበር። ሰፈርተኛው «ወስፌ» የሚላቸው ጫማ ሰሪ በርጩማ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። መንገዱ ለጥገና ከታጠረ ወዲህ በበራቸው የሚያልፍ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ምነው ሥራ ፈቱ?»

«እግር ሲጠፋ ጫማ ሰሪ ምን ይሠራል? እንዲህ ከቀጠለ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክባለሁ።»

ልጅቱ የኮምፒውተር ትምህርት የጨረሰች ናት። እዚያው ቆማ የኢንተርኔት ሱቅ እንክፈት አለቻቸው። «ጫማ በፎቶ? ቀጥሎ ደግሞ እግር በፖስታ ይላካል» ብለው ሳቁባት። ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋም ይጨብጣልና እሺ አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጫማ ሥር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል በደማቁ እንዲጻፍላቸው ብቻ አጥብቀው አዘዙ።

ሱቁ ተከፈተ፤ ገዢ ግን የለም። ልጅቱ ፎቶዎቹን ከስልኳ እንዳሉ ስለጫነቻቸው ከብደው ኖሯል፤ ገጹ እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። አሳነሰቻቸው። የመክፈያው ቁልፍም በአንዳንድ ስልክ ላይ ከፎቶው ሥር ተደብቆ ተገኘ፤ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ይገባሉ፣ ቁጥራቸውን ይመርጣሉ፣ መክፈያው ጋ ሲደርሱ ውልቅ ይላሉ።

«ማሽንሽ ታሟል» አሉ ጫማ ሰሪው።

«ማሽኑስ ድኗል። የታመመችው ያቺ ያስጻፉኝ ቃል ናት።»

«ከአባቴ የተማርኳት ቃል ናት። አንዱ ሠርግ ሲጨፍርበት አድሮ በማግስቱ ሊመልስልኝ ነው?»

«ከአባቴ የተማርኳት» የምትባለው መልስ ስንቱን ሱቅ እንዳዘጋች ቢነገር ለሰሚው ግራ ነው። ነጋዴው ደንበኛውን ገና ሳያየው ሌባ ነህ ብሎ ግድግዳ ላይ ይጽፍበታል፤ የተሰደበው ሰው ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ ደግሞ ገበያ ጠፋ ብሎ ያማርራል። ይህ ጥንቃቄ አይደለም። አንድ አጭበርባሪ ፈርቶ መቶ ጨዋ መስደብ ነው፤ ስድብ ደግሞ ተሽጦ አያውቅም።

ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ እዚህ የመጣ ሰው ጫማ ሲመርጥ ምን ያደርጉታል?»

«አስቀምጠዋለሁ። አጠልቅለታለሁ። እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል።»

«ከጠበበውስ?»

«አውልቄ ሌላ አመጣለታለኋ። የሚቆነጥጥ ጫማ አስይዤ ልሸኘው? ጤናም የለሽ።»

«ሲያወልቅ ታዲያ መለሰብኝ ይላሉ?»

«ምኑን ይመልሳል፣ ገና እየለካ አይደል?»

«በስልክ የሚገዛውም ቤቱ ደርሶለት ሲያጠልቀው ገና እየለካ ነው። እርስዎ ግን ሳይለካ ገንዘቡን ተቀብለው በሩን ይዘጉበታል።»

ጫማ ሰሪው ሳያስለኩ ሸጠው አያውቁም፤ ከሁሉም ነገር በላይ የሚኮሩት በዚህ ነበር።

«አቆሽሾ ቢመልስስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ለዘብ ብሎ።

«ቤት ውስጥ የለካው ይመለሳል፤ ደጅ የወጣበት አይመለስም። እንደዚያ ብለን እንጽፋለን።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። በይ ጻፊው።»

ቃሉ በተለወጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትእዛዝ ይመጣ ጀመር። ከዚያ አንድ ጫማ ተመለሰ። ጥቅሉን ሲያዩ የአጎትየው ፊት ጠቆረ። ልጅቱ አብሮት የመጣውን መልእክት አነበበችላቸው። ላኪዋ አስተማሪ ናት፤ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል፤ ጠዋት ቤቷ ስትለካው ልኳ የነበረው ጫማ፣ ማታ ከሥራ ገብታ ደግማ ስታጠልቀው ቆነጠጣት።

ይህን ከዚያ በፊት የነገራቸው አልነበረም። ከሱቁ ገዝቶ ቤቱ የተቆነጠጠው ሁሉ አይመለስም ተብሏልና ሕመሙን ችሎ፣ ሁለተኛ ሲገዛ ሌላ ሱቅ ሄዷል። ጫማ ሰሪው ከጣቶቹ በኩል ሰፋ አድርገው ሌላ ሰፉላት። እሷም ለባልደረቦቿ አወራች፤ ቆመው የሚውሉ አስተማሪዎችና ነርሶች ያንኑ ጫማ እያሉ ይጽፉ ጀመር። ሱቁ ከመዘጋት ተረፈ። ዕቃውን የሚመልስ ደንበኛ ሳይከፈለው የሚያስተምር መምህር ነው፤ በሩን የሚዘጋበት ነጋዴ ደግሞ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል።

«ለአስተማሪዋ ምን ብዬ ልመልስላት?» አለች ልጅቱ ስልኳን ይዛ።

ጫማ ሰሪው ክሩን በሰም እየሳቡ መለሱላት።

«ስለመለሱልን እናመሰግናለን በያት። አንቺንም እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አሁን ፈቀቅ በይ፣ ብርሃኑን ጋርደሽብኛል።»